ኦሞላራን ማን ይጥራት?

ፍሪታውን፣ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1966

እትዬ ኮርዴሊያ፣

ጉልበትሽን እንዴት አደረገው? በመርከበኛው እጅ የላክሽልኝ ሹራብ ደርሶኛል። ለፍሪታውን ሙቀት ሹራብ መላክሽን የሰማ ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በክንዴ ላይ ጣል አድርጌው ሄድኩ። እህት ያለው ሰው መሆኔ ይታይ ብዬ ነው።

ስለ እኔ የሰማሽው እውነት ነው፤ ጠዋት ጠዋት እቤት አልገኝም። አልታመምኩም፤ ሴትም አላጨሁም። ይህን ያወራችልሽ ማን እንደሆነች አውቃለሁ፤ አምላክ ልቧን ያሳርፍላት። የምሄደው መንግሥት የድሮ የመሬት ውልና ኑዛዜ ወደሚያስቀምጥበት ቢሮ ነው።

ለምን እንደምሄድ ካንቺ አልደብቅም። በሜይ ወር ኦሞላራ ካረፈች ዓመት ይሆናታል። የአውጆ ድግሷን፣ የሙት ዓመቷን፣ እደግሳለሁ፤ ቦሎቄው ይቀቀላል፣ ከተፈጨ ቦሎቄ የሚሠራው አካራ ይጠበሳል፣ ጓሮ ጉድጓዱ ይቆፈራል፣ የሙታኖቻችን ድርሻ ይገባበታል፣ ስማቸውም ከቅድመ አያታችን ከዶርካስ ጀምሮ ይጠራል። የሚስቴ ስም ግን አይጠራም ብለሻል። «ኦሞላራ የኬዝያ ዘር ናት፤ ኬዝያን ደግሞ ዶርካስ ውሃ እንድትቀዳላት አስጠጋቻት እንጂ አልወለደቻትም፤ ጥገኛ በባለቤት ጉድጓድ አይጠራም» አልሽ። የቤታችን ታላቅ አንቺ ነሽ። ባሕር ማዶ ባተርስት ሆነሽም ፍሪታውን ያለነው ያለ ፈቃድሽ ስም አንጠራም፤ ቃልሽን አልሽርም።

ግን እትዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አብራኝ ማዕድ የቀረበች ሴት እንደ ማትታወቅ መንገደኛ ስትታለፍ፣ እኔ እዚያው ተቀምጬ አካራ ማላመጥ አልችልም። ስለዚህ ዶርካስን ራሷን ልጠይቃት ነው። ኑዛዜ ትታ እንደሆነ ስለ ኬዝያ አንድ ነገር ሳትል አትቀርም።

መዝገብ ቤቱን የምትጠብቀው ዊልሄልሚና የምትባል ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነ ሴት ናት። የመጀመሪያው ቀን ቆብ አውልቄ ብገባ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣

«አባባ፣ እዚህ የሚመጣ ሁሉ የሰው መሬት ሊነጥቅ ነው የሚመጣው። እርስዎ የማንን ነው?» አለችኝ።

«መሬት አልፈልግም ልጄ። ቅድመ አያት ነው የምፈልገው።»

«ያው ነው። መጀመሪያ ቅድመ አያት፣ ቀጥሎ መሬት» አለችና አቧራ የጠጣ መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ጣለችልኝ። አስነጠሰኝ። «ይማርዎት» እንኳ አላለችኝም።

ታናሽ ወንድምሽ፣
ዛኬዎስ


ባተርስት፣ ፌብሩዋሪ 18

ዛኬ፣

ጉልበቴ የት ይሄዳል! እንደ አሮጌ በር ሲንቋቋ ይውላል። ሹራቡን ልበሰው፤ የእሑድ ጌጥ አይደለም።

ቄሱ ይህን ነገር ያውቁ እንደሆነ በቴሌግራም መጠየቄ ለክፋት አልነበረም። መልስህንም አንብቤዋለሁ፤ «ከሙታን ጋር አልነጋገርም፣ ከጻፉት ጋር ነው» ማለትህ እንደ ጠበቃ ነው። መቼ ተማርከው? ትምህርት ቤት እያለን መልስ የሚጠፋብህ አንተ ነበርክ።

አዎ፣ ብያለሁ፤ አሁንም እላለሁ። ኦሞላራን ጠልቼ እንዳይመስልህ። የሠራችው የመራራ ቅጠል ወጥ ጣዕሙ እስከ ዛሬ ከአፌ አልጠፋም፤ ስትሞትም አልቅሻለሁ። መውደድ ሌላ ነው፣ ዘር ሌላ ነው። አያታችን ኢዮስያስ ሲያወራን አንተም ከእግሩ ሥር ተቀምጠህ ነበር። «እናቴ ዶርካስ አንድ ልጅ ወለደች፣ እሱም እኔ ነኝ» ይል ነበር። ኬዝያን እህቴ ሲል ሰምተሃል? እኔ አልሰማሁም። የኬዝያ ዘሮችም ፒርስ መባላቸው የአሳዳጊ ስም ስለወረሱ ነው፤ እዚህ አገር ያላደረገው ማን ነው? ያስጠጋነው ሁሉ ስማችንን ለብሶ ይወጣል። ስም የለበሰ ሁሉ በጉድጓዳችን ይጠራ ካልክ ግማሽ ፍሪታውን ሊጠራ ነው።

ግን የሰው እልህ አልወድም፤ ያንተን ደግሞ አውቀዋለሁ። ማኅተም ያለበት ወረቀት አምጣ። ዶርካስ «ልጄ ናት» ያለችበትን አሳየኝና ሚስትህን አስጠራታለሁ። ካላገኘህ ግን ነገሩን ዳግም አታንሳብኝ። ሁለታችንም አርጅተናል፤ ተኳርፈን እንዳንሞት።

ኮርዴሊያ


ፍሪታውን፣ ማርች 3

እትዬ!

ሰላምታውን ከታች አደርገዋለሁ፤ ለዛሬ ይቅር በይኝ። አገኘኋት! ኑዛዜዋን ገና ነው፤ ግን የቀሚሷን ጫፍ ይዣለሁ!

በመቃብሯ ድንጋይ ላይ ያለውን ዓመት ይዤ የኑዛዜውን መዝገብ ሳገላብጥ ሰነበትኩ። ፒርስ የሚባል ዓሣ አጥማጅ አለ፣ ፒርስ የሚባል አናጺ አለ፣ ለሦስት ሴቶች እኩል ያወረሰ ፒርስም አለ። (እሱ የኛ እንዳይሆን ጸልያለሁ።) ዶርካስ ግን የለችም። ራሴን ይዤ ስቀመጥ ዊልሄልሚና መጣች።

«አባባ፣ የሚፈልጉት ሰው ቤቱን ዘግቶ ቢጠፋ ምን ያደርጋሉ?»

«ጎረቤት እጠይቃለኋ።»

«ታዲያ ምን ያስቀምጥዎታል?»

የጎረቤቱን የመሬት ውል ማለቷ ነው። ያኔ ቦታ የሚሸጥ ሰው ድንበሩን ሲያስጽፍ «በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሊት» ያስብል ነበር። ከግቢያችን አጠገብ ያለው የልብስ ሰፊው ቦታ የተሸጠበትን ውል አስወጣሁ። ቀለሙ ደብዝዟል፤ መስኮት ሥር ወስጄ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። እንዲህ ይላል፦ «በምሥራቅ፣ የሟች የዶርካስ ፒርስ ቦታ፣ አሁን በልጆቿ በኬዝያና በኢዮስያስ የተያዘ።»

በልጆቿ ይላል እትዬ! ጥገኛዋ አይልም፣ አገልጋይዋ አይልም! ያውም ኬዝያ ናት ከፊት የተጻፈችው። ስነሳ በርጩማው ተገለበጠ። ውል ሊያጣራ የመጣ አንድ ባለ ከረባት «ሽማግሌው ምን ወረሱ?» ብሎ ሲጠይቅ ዊልሄልሚና «ምንም፤ ቅድመ አያት ወለዱ» አለችው። ቢሮው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ እንባዬ መጣ። መንገዱን ሁሉ መዝሙር እያንጎራጎርኩ ነው የገባሁት፤ ጾም መሆኑን የረሳሁት ይመስለኛል።

እንግዲህ ሰላምታው፦ እንደምን ሰነበትሽ? የጠየቅሽኝን የሳል መድኃኒት በሚመጣው መርከብ እልካለሁ።

ዛኬዎስ


ባተርስት፣ ማርች 12

ወንድሜ ዛኬ፣

መድኃኒቱ ደርሶኛል፤ መራራ ነው። ደብዳቤህ ግን አሳቀኝ። እስኪ ቁጭ በልና አስብ። እውነትም ኬዝያ ከዶርካስ ማኅፀን የወጣች የአያታችን እህት ከሆነች፣ ኦሞላራ ምንህ ልትሆን ነው? የሥጋ ዘመድህን አግብተህ ኖርክ ማለት እኮ ነው! ያኔ ስታገቡ ቤተሰቡ ዝም ያለው ለምን ይመስልሃል? ኬዝያ ባዕድ ናት ስላልን ነው። አሁን በገዛ እጅህ ባዕድ አይደለችም ልትለን ነው። ሚስትህን ወደ ጉድጓዱ አስገባለሁ ስትል አንተ ከቤተ ክርስቲያን እንዳትወጣ!

ቀልዴን ነው። ግማሹን ቀልዴን።

ቁም ነገሩን ስማ። የልብስ ሰፊ ውል የልብስ ሰፊ አፍ ነው። ጎረቤት በአጥር ላይ ሁለት ልጆች አየ፣ «ልጆቿ» አለ። እኔ የጠየቅሁህ የዶርካስን አፍ ነው።

ኮርዴሊያ


ፍሪታውን፣ ማርች 24

ውድ እትዬ፣

ለሁለት ሳምንት ዝም ማለቴን በቁጣ እንዳትተረጉሚብኝ። አልተቆጣሁም፤ ፈርቼ ነበር። ቀልድሽ ገብቶኛል፣ ግማሹ ያልሆነውም ገብቶኛል። ወደ ቢሮው መሄድ ትቼ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ተንበርክኬ «ጌታዬ፣ የምፈልገው የሚስቴን ክብር ነው ወይስ በእህቴ ላይ ድል?» ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። መልሱ ቶሎ አልመጣልኝም፤ አለመምጣቱም ራሱ መልስ መሰለኝ። ደግሞ ያንን የፈራሁትን ነገር ባገኘውስ? እሷ ከሞተች በኋላ ትዳራችንን ላርክሰው ነው? ኦሞላራ በሕይወት ብትኖር ምን ትለኝ እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ «አንተ ሰውዬ፣ በር ካንኳኳህ በኋላ አይሸሽም» ትለኝ ነበር። ስለዚህ ተመልሼ ሄድኩ።

አግኝቼዋለሁ እትዬ። የዶርካስን የራሷን አፍ።

በሞተችበት ዓመት የተመዘገበ አልነበረም፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ኑዛዜው ዶርካስ ከሞተች በኋላ ዓመታት በሣጥን ውስጥ ተኝቶ ኖሮ፣ ልብስ ሰፊው ቦታውን ሲሸጥ ድንበር ይለካ ሲባል ነው ኬዝያ ለመንግሥት ያቀረበችው። ዊልሄልሚናና እኔ ውሉ የተጻፈበትን ዓመት መዝገብ ስንከፍት እዚያው ቁጭ ብላለች። የሰበካው አስተማሪ ጽፎላት እሷ የመስቀል ምልክት አድርጋበታለች። ያን ምልክት በጣቴ ነካሁት። ዊልሄልሚና «መንካት ክልክል ነው» ልትል አፏን ከፍታ ተወችው።

ከፊሉን ገልብጬልሻለሁ፦

«እኔ ዶርካስ ፒርስ፣ ባል የሞተብኝ፣ ሰውነቴ ደክሞ ልቤ ግን ደኅና ሆኖ ይህን እናገራለሁ። ቤቴንና ቦታዬን ለልጆቼ ለኬዝያና ለኢዮስያስ እኩል ሰጥቻለሁ። ትልቁን የብረት ድስቴን ለኬዝያ፤ መጽሐፍ ቅዱሴን ለኢዮስያስ፣ ማንበብ እሱ ተምሯልና። ቤቱ አይሸጥ። ሁለቱም ከነልጆቻቸው በአንድ ግቢ ይግቡ፣ በአንድ ግቢ ይውጡ።»

ከዚህ በታች አንድ አንቀጽ አለ። እሱን አልገለበጥኩልሽም። ይቅር በይኝ፤ አንቺን በወረቀት ላይ እንዲህ ያለ ነገር መንገር ከበደኝ። የፈለግሽው ተገኝቷል፣ «ልጆቼ» ብላለች። እዚሁ ላይ ብናበቃውስ? ኦሞላራን አስጠሪልኝ፤ የቀረውን እኔ ይዤው ልሙት።

ወንድምሽ፣
ዛኬዎስ


ባተርስት፣ ኤፕሪል 1

ዛኬዎስ፣

ግማሽ ኑዛዜ ልከህልኝ ሰላምታ አትጠይቀኝ። ዓሣ ሰጥቶ እሾሁን እጁ ላይ የደበቀ ሰው አይቼ አላውቅም። ሕፃን ነኝ? ድፍን ባተርስት ምክር የሚጠይቀኝ ሴት ነኝ። አንቀጹን ጻፈው። ነጥቡን ሳትለውጥ ጻፈው።

ኮርዴሊያ


ፍሪታውን፣ የስቅለት ማግስት ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 9

እትዬ፣

አዘሽኛልና እነሆ፦

«እነዚህ ሁለቱ ከማኅፀኔ አይደሉም። እግዚአብሔር ማኅፀኔን ዘግቶት ኖሯል። የባሪያው መርከብ ተይዞ ሰዎቹ በተፈቱ ጊዜ የተፈቱት ወደሚቆዩበት ወደ ንጉሡ ግቢ ሄድኩ። የሄድኩት ልጅቱን ልወስድ ነበር። ሕፃኑ ግን የእሷን ሽርጥ ይዞ አልለቅም ብሎ አለቀሰ፤ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም፤ ስለዚህ ሁለቱንም ወሰድኳቸው። ነገ ተነሥቶ ልጆቿ አይደሉም የሚል ሰው ቢኖር፣ እኔ ልጆቼ ናቸው ብያለሁ።»

ይኸው ነው። ልጅቱ ኬዝያ ናት። ሕፃኑ አያታችን ነው።

መጀመሪያ ሳነበው ፊቴ ጋለ፤ ዊልሄልሚና እንዳታየኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። በኋላ ግን እትዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ውስጤ እንደ ተማሪ ቤት ደወል ተንጫጫ! ኦሞላራ የሥጋ ዘመዴ አይደለችም፤ ትዳሬ ንጹሕ ነው። ባዕድም አይደለችም፤ ዶርካስ በእጇ ምልክት አድርጋ ልጄ ብላታለች። ሁለቱም በአንድ ወረቀት! ደግሞም እኔ ማን ነኝ? ሽርጥ አልለቅም ብሎ ያለቀሰ ሕፃን የልጅ ልጅ። ያ ሕፃን እጁን ቢለቅ ኖሮ አንቺም እኔም አንኖርም ነበር። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን የነገውን ትንሣኤ ስንጠብቅ ስለዚያች ትንሽ እጅ ብቻ ነው ያሰብኩት።

አንቺን ግን ልቤ ይፈራልሻል። አሸነፍኩሽ ብዬ እንዳይመስልሽ። የወደቅሽ ከመሰለሽ አብረን ነው የወደቅነው፤ ያውም በደኅና እጅ ላይ።

መልስሽን እጠብቃለሁ፤ ስድብም ቢሆን።

ዛኬዎስ


ባተርስት፣ ኤፕሪል 28

ዛኬ፣

ሁለቱም ቴሌግራሞችህ ደርሰውኛል። አልሞትኩም። ሰው ዝም ሲል ሞቷል አይባልም።

መጀመሪያ ደብዳቤህን ቀደድኩት። ከዚያ ቁርጥራጩን ገጣጥሜ እንደገና አነበብኩት። ከዚያ መስተዋት አንሥቼ አፍንጫዬን አየሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ «የዶርካስ አፍንጫ» ሲሉኝ ነው ያደግሁት፤ በዚህ አፍንጫ ስንቱን ቁልቁል አይቼበታለሁ! ታዲያ ይህ የማን አፍንጫ ነው? ከየትኛው አገር ነው የመጣው? ይህን የሚነግረኝ መዝገብ ዊልሄልሚናህ ጋ አለ? የለም። ይህን ሳስብ አለቀስኩ፤ አልደብቅህም። ከዚያ ደግሞ ሳቅ አፈነኝ። ያስጠጋነው ሁሉ ስማችንን ይለብሳል ብዬ ስጽፍልህ ለካ ስለ ራሴ ነበር የምጽፈው።

አንተ ግን በደስታህ ብዛት አንድ ነገር አላሰብክም፤ እኔ አስቤዋለሁ። ሁለቱ ልጆች እኩል ከሆኑ፣ ዘራቸውም እኩል ነው። ዘሩ እኩል ከሆነ፣ የቤቱ ታላቅ ማን ነው? እኔ አይደለሁም። የኬዝያ የልጅ ልጅ፣ ያቺ ቦንጋ ዓሣ በጭስ የምታደርቀው የኦሞላራ አክስት ቲቲ ናት! ከእኔ በብዙ ትበልጣለች። ልጅ ሆኜ ስታልፍ አፍንጫዬን እይዝ ነበር፤ እሷም «አይዞሽ፣ ጭስ አይገድልም» ትለኝ ነበር።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ያሸነፍከው ሌላ ነገር ነው። ጉድጓዱ ላይ የሚጠራውን የማዘዝ ሥልጣን ከእኔ ወጥቷል። እንዳላየሁ ሆኜ ማለፍ እችል ነበር፤ አንተም በይሉኝታ ዝም ትለኝ ነበር። ግን ስም ላለመጥራት ሥርዓቱን ምክንያት ያደረግሁ ሴት፣ ሥርዓቱ በእኔ ላይ ሲዞር ሥርዓት የለም ልበል? እንዲህ ያለች ሴት አይደለሁም።

ከዚህ ጋር ለቲቲ የጻፍኩት ወረቀት አለ። ዓይኗ ደክሟል አሉ፤ አንተ አንብብላት። «ታላቄ ነሽ፣ ጉድጓዱ ያንቺ ነው፤ የፈለግሽውን ጥሪ፣ ያልፈለግሽውን ተዪ» ብያታለሁ። ስታነብላት ድምፅህን አታሳዝነው፤ በደኅና ድምፅ አንብበው።

ኮርዴሊያ


ፍሪታውን፣ ሜይ 16

እትዬ፣ እትዬ፣

ከየት ልጀምርልሽ?

ወረቀትሽን ለእማማ ቲቲ አንብቤላታለሁ። ዓሣ እየገለበጠች ነበር የሰማችኝ። ስጨርስ «እንደገና አንብበው» አለችኝ። አነበብኩት። መቆስቆሻውን አስቀመጠችና እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ኮርዴሊያ ራሷ ጻፈችው?»

«በራሷ እጅ።»

«ጠጥታ ነበር?»

«እማማ! እትዬ ኮርዴሊያ ከዝንጅብል ቢራ ሌላ አትቀምስም።»

ሳቀች፤ እስክትስል ሳቀች። ከዚያ ምን እንዳለችኝ ልንገርሽ፤ ተቀምጠሽ አንብቢው። «ዛኬዎስ ልጄ፣ አዲስ ነገር ያመጣህልኝ መስሎሃል። ይህን እኔ አውቀዋለሁ። አያቴ ኬዝያ ነግራናለች። መርከቡንም፣ ግቢውንም፣ ሕፃኑ ሽርጧን መያዙንም። ግን ‹ትንሹ ወንድሜ የዶርካስ የሥጋ ልጅ ነኝ ብሎ ነው የሚያምነው፤ ደስ ይበለው፣ አትንገሩት፤ ልጆቹም ቢንቋችሁ ቻሉት› ብላ አስምላናለች። ቻልነው።»

እትዬ፣ ምን ልበል? በመንገዱ ዳር የዓሣ ጭስ ውስጥ ቆሜ ቆቤን አወለቅሁ።

ከትናንት በስቲያ ቅዳሜ ድግሱ ሆነ። ስለ ሰዉ ብዛት ጠይቀሽኝ ነበር፤ የሁለቱም ወገን መጥቷል፤ የኬዝያ ዘሮች በፊት ለፊት በር ሲገቡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ዊልሄልሚናም መጣች፤ አካራ በወረቀት ጠቅልላ ይዛ ሄዳለች። ቦሎቄው በሰል ብሎ፣ አካራው በዘይት ወርቅ መስሎ ወጣ። ጉድጓዱን ጓሮ ቆፈርነው፤ እማማ ቲቲ ነጭ ለብሳ በበርጩማ ተቀመጠች፤ ውሃውንም አፈሰሰች።

«ዶርካስ፣ ያልወለድሽን እናታችን» ብላ ጀመረች። ቀጥላ ኬዝያን ጠራች። የኬዝያን ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ አንድ በአንድ ጠራች፣ ከእያንዳንዱ ጋር ጭልፋ ታወርዳለች። እኔ አሁን ትደርሳለች፣ አሁን እላለሁ። የኦሞላራን እናት ጠራች። ከዚያ ቆመች።

ጭልፋውን ወደ ድስቱ መለሰችው።

«ይቺን እኔ አልጠራትም» አለች።

ወደ ጉድጓዱ ተጠጋሁ እትዬ። አንድ ሰው ክንዴን ያዘኝ። «እማማ፣ ምን በደለች?» አልኩ።

«ምንም አልበደለችም። የእህቴ ልጅ ናት፤ እኔ ብጠራት ምን ይገርማል? ድሮም በቤታችን እጠራታለሁ። ስሟን ይዞ ያቆየው ሌላ አፍ ነው፤ ያ አፍ ያውጣው። ደግሞም የኢዮስያስን ወገን ስም እኔ ከየት አውቄ? ኮርዴሊያ ናት የምታውቀው። እኔ አፈሳለሁ፣ እሷ ትጥራ። ታላቅ ነሽ ብላ የለ? ታላቋ ነይ ብላሻለች በላት።»

ከዚያ ጉድጓዱ አይደፈን አለች። በላዩ የልብስ ማጠቢያ ገበቴ ደፋንበት፣ በገበቴው ላይ ድንጋይ ጫንንበት። ሰዉ በላ፣ ጠጣ፣ ዘፈነ፤ ክፍት ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጦ እንዲህ ሲደሰት አይቼ አላውቅም። እኔ ግን ሁለት ጊዜ ሄጄ ገበቴውን ዳሰስኩት። ዝናቡ ጀምሯል። እማማ ቲቲ በየጠዋቱ መጥታ ታየዋለች፤ ቁርሷንም እኔ ጋ ትበላለች።

ጉልበትሽን አውቃለሁ፤ ባሕሩም ክፉ ነው። አልጎተጉትሽም። እኔ ጠባቂ ብቻ ነኝ።

ዛኬዎስ


ባተርስት፣ ሜይ 25

ዛኬ፣

ይህ ደብዳቤ ከእኔ በጥቂት ቀን ይቀድማል። በሚቀጥለው መርከብ ነኝ። ከመርከቡ ስወርድ ሁለት ጎረምሶች ይያዙኝ፤ ደረጃውን ለብቻዬ አልችለውም። እንዲያዝኑልኝ ግን አልፈልግም፤ እየሳቁ ይያዙኝ።

አያታችን ኢዮስያስን በምን ስም ልጠራው እንደሆነ በልብህ ሳትጠይቅ አትቀርም። በስሙ ነዋ! ኬዝያ ስታቆየው የኖረችውን ሕልም እኔ በጓሮ አደባባይ አላፈርሰውም። ኢዮስያስ፣ የዶርካስ ልጅ። ውሸት ነው የሚል ካለ ኑዛዜውን አሳየው።

ለቲቲ ምን እንደምላት ከጠዋት እስከ ማታ እያዘጋጀሁ ነው፤ ሁሉም ይጠፋብኛል። ምናልባት በርጩማ አምጥተህ ከጎኗ ብታስቀምጠኝ ይበቃ ይሆናል። አጠር ያለ በርጩማ ይሁን።

የሚስትህን ስም እዚህ ወጥ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠራሁት። አንድ ጊዜ ተደናቀፍኩ። ሁለተኛው ደኅና ወጣ። እዚያ ስደርስ አልደናቀፍም።

እስከዚያ ገበቴውን አትመን፤ ጉድጓዱን ዶሮ እንዳይጭረው ቆመህ ጠብቅ።

የቤቱ ሁለተኛ ታላቅ፣
ኮርዴሊያ